ለመምህሩ የሚያስፈልገው አነፍናፊ ሶፍትዌር አይደለም

ቻት ጂፒቲ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲለቀቅ እኛ በሌላ ጉዳይ ተጠምደን ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው፣ ስልካቸውን ትተው፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተፈትነው ውጤታቸውን ይጠብቁ ነበር። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተሰጠ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻቸው ሲታዩ ቁጥሩ ከ60 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ግን ከሦስት ተመራቂ አንዱ በተማረበት ሙያ ግማሹን ጥያቄ መመለስ አልቻለም ማለት ነው።

ይህን የማነሳው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። በመውጫ ፈተናው የወደቁት ልጆች ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ አሳይመንት ሲያስገቡ፣ ኩዊዝና ሚድ ሲፈተኑ፣ ግሬዳቸው ሲሞላላቸው የቆዩ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ቻት ጂፒቲ የሚባል ነገር በምድር ላይ አልነበረም። ስለዚህ በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ነጥብና በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዕውቀት የተለያዩት ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ከመምጣቱ በፊት ነው። ዛሬ በየዲፓርትመንቱ ስብሰባ «ተማሪው በማሽን እያስጻፈ ነው፣ ምን እናድርግ?» ሲባል ይህ መዘንጋት የለበትም። የምንሰጠው መልስም ከዚህ ካልተነሣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሆናል።

የቡድን አሳይመንት የሚባለውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። አምስት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይደራጃሉ። ከሽፋኑ ላይ የአምስቱም ስምና የመታወቂያ ቁጥር ተደርድሯል፤ ውስጡን የሠራው ግን አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ያቺ «ጎበዟ» ናት። እሷም ብትሆን ግማሹን አምና ከተመረቁ ተማሪዎች በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የወረሰችው ነው። ፋይሉ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ቀኑ ተስተካክሎ፣ በስፓይራል ተጠርዞ ይወጣል። መምህሩ ያንን ሁሉ ክምር አንብቦ ከ20 ይሞላል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ኤአይ የቀየረው ነገር ቢኖር ዋጋውን ነው። ድሮ የአምና አሳይመንት ያልደረሰው ተማሪ ይቸገር ነበር፤ አሁን ስልክና ትንሽ ዳታ ያለው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአምናው የተሻለ እንግሊዝኛ ያለበት ወረቀት ያገኛል። ሥራው ቀድሞም የተማሪው አልነበረም፤ አሁን አለመሆኑ ፊት ለፊት ታየ።

ለዚህ ችግር ፈጥኖ የሚመጣው መፍትሔ መመርመሪያ ሶፍትዌር መግዛት ነው። በማሽን የተጻፈውን ከሰው ጽሑፍ ይለያል የተባለ መሣሪያ ይገዛል፤ መምህሩ ፋይሉን ያስገባል፤ መሣሪያው «87 በመቶ ኤአይ» ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንዲህ ያለ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች ለይቶ ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ 9 በመቶውን ደግሞ በሐሰት ወንጅሏል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መሣሪያው አስተማማኝ አይደለም ብሎ ከአገልግሎት አወጣው። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በቀጣዩ ወር ተርኒቲን የተባለው ኩባንያ ያቀረበለትን የኤአይ መለያ ዘጋው። ሠሪውና ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ያላመኑትን ዕቃ እኛ በዶላር ገዝተን የተማሪ ዕድል የምንወስንበት ከሆነ ነገሩ ግራ ነው።

ለእኛ ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መመርመሪያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሞከሯቸው። መሣሪያዎቹ በአማካይ 61 በመቶውን «ማሽን ጻፈው» አሉ። በአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ላይ ግን ስሕተታቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ጽሑፉ ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚገመት ነው። ቃሉ ጥቂትና የተለመደ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ተመሳሳይ ከሆነ ይጠረጥራል። ከደቡብ ጎንደሮቹ ከጋይንት ወይም ከስማዳ የመጣ፣ እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ በሐቀኝነት ተጨንቆ ሲጽፍ የሚወጣው ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ነው። በአንጻሩ ማሽኑን «ትንሽ አወሳስበህ ጻፍልኝ» ማለት የሚያውቅ ተማሪ ነጻ ይወጣል። መሣሪያው ሐቀኛውን ድሃ ይዞ ብልጣብልጡን ይለቃል።

ሁለተኛው ፈጣን መልስ ሰርኩላር ነው፤ «ኤአይ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት። ክልከላው ራሱ ክፉ ሐሳብ ስለሆነ አይደለም የምቃወመው። ተማሪው መሣሪያውን እንደ ልቡ ሲያገኝ ዕውቀቱ ሊጎዳ እንደሚችል ጠንካራ ማስረጃ አለ። በቱርክ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ያልተገራውን መሣሪያ ያገኙት ተማሪዎች በልምምድ ጊዜ ከሌሎቹ በ48 በመቶ በልጠው ነበር፤ መሣሪያው ተነጥቆ ሲፈተኑ ግን ከነጭራሹ ካላገኙት በ17 በመቶ አንሰው ተገኙ። አሳይመንት ላይ ከፍ፣ ፈተና ላይ ዝቅ፤ የእኛው የመውጫ ፈተና ታሪክ በሌላ አገር መሆኑ ነው። ይሁንና ያው ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። ሦስተኛው ቡድን የተሰጠው መሣሪያ በመምህራን ምክር የተስተካከለ፣ መልሱን ሳይሆን ፍንጩን የሚሰጥ ነበር፤ እነዚያ በልምምዱ ከሁሉም በልጠው፣ በፈተናውም ምንም አልተጎዱም። በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ባንክ ድጋፍ ለስድስት ሳምንት ከመደበኛ ክፍል በኋላ በተካሄደ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተማሪዎች ኤአይን በመምህር መሪነት ተጠቅመው ካልተሳተፉት ጉልህ ብልጫ አሳይተዋል። ከሁለቱም የሚወጣው ትምህርት ለውጡ ያለው ሥራውን በሚያቅደው መምህር እጅ መሆኑ ነው።

እንግዲያው መምህሩን መርዳት ማለት ምን ማለት ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ጊዜና ሥልጣን መስጠት ነው። አሳይመንቱን የሚቀይርበት፣ ተማሪውን ፊት ለፊት የሚጠይቅበት ጊዜ፣ በጠየቀበትም መሠረት ነጥብ የሚሰጥበት ሥልጣን። ሥልጠናም ያስፈልጋል፤ ግን ሥልጠና ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው በሆቴል አዳራሽ ለሁለት ቀን የሚካሄድ፣ በፓወር ፖይንት የሚጀምርና በአበል ፊርማ የሚያልቅ ነገር ነው። ያ አይነቱ ለማንም አልጠቀመም። አገራችን ለዚህ የሚሆን መሠረት ቀድሞም አላት። መምህራን «ኤችዲፒ» እያሉ የሚጠሩት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ መምህራንን ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ተከታታይ ምዘና ሲያሠለጥን ቆይቷል። በአንዳንድ ቦታ የወረቀት ማሟያ ሆኖ እንደቀረ አይካድም። ቢሆንም መምህራን ተገናኝተው ስለ ክፍላቸው የሚነጋገሩበት መድረክ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ450 በላይ ትምህርት ቤቶችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲጠይቅ ስለ ኤአይ መመሪያ ያላቸው ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ሌላው ዓለምም ጥሎን የሄደ አልነበረም።

አሳይመንትን መቀየር በደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ዙሪያ ምን ሊመስል እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከበላዩ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጉና ተራራ አለ። በየትኛውም የአገራችን የተፈጥሮ ሀብት ወይም የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል «በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር መሸርሸር መንስኤዎችን አብራራ» የሚል አሳይመንት ይሰጣል። ማሽኑ ለዚህ ከመምህሩ ሞጁል የተሻለ መልስ አለው፤ የደን መመናመን፣ የሕዝብ ብዛት፣ ልቅ ግጦሽ ብሎ ይደረድርለታል። አሁን ጥያቄው ይቀየር። ተማሪዋ ወደ ጉና ከሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ማሳ ትምረጥ። ተዳፋቱን በእርምጃና በገመድ ትለካ። እርከኑ የት ላይ እንደተናደ ትሣል። ባለቤቱን ገበሬ ገብስ የነበረውን መሬት ለምን ባሕር ዛፍ እንዳደረገው ትጠይቅ፤ የመለሰላትን በእጇ ትጻፍ። ከዚያ በኋላ ለሪፖርቱ እንግሊዝኛ ማሽን ቢረዳት ምን ገደደኝ? ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጭቃ አለ፤ የሳለችው እርከን ከማንም ጋር አይመሳሰልም። መምህሯ «ገበሬው ባሕር ዛፉን ለመቁረጥ ስንት ዓመት ይጠብቃል? እስከዚያ በምን ይኖራል?» ሲላት ወይ ታውቃለች ወይ አታውቅም።

ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ቴክኖሎጂ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ሳይጠራ አያልፍም፤ እኔም ጠራሁት፣ ግን ለሌላ ጉዳይ። ጋፋት የታሪክ ተማሪ ማሽኑን ራሱን የሚፈትንበት ጥሩ ቦታ ነው። የፎገራ ሩዝም እንደዚሁ፤ ሰብሉ እንዴት ወደ ሜዳው እንደገባ የሚያውቁ አዛውንቶች አሉ፣ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። መምህሩ ከኤአይ የወጣ የሁለት ገጽ ጽሑፍ አትሞ ለተማሪዎቹ ያድል፤ «እውነቱን ከሐሰቱ ለዩ፤ የለያችሁበትን ማስረጃ አምጡ» ይበላቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህ ሞዴሎች ትርጉሙን ሳያውቁ ቃላትን የሚገጣጥሙ በቀቀኖች ናቸው ብላ ነበር። በእንግሊዝኛ ብዙ በተጻፈበት ጉዳይ ላይ በቀቀኑ ያስደንቃል። በኢንተርኔት ላይ ብዙ ባልተጻፈለት አገር ላይ ግን ያልነበረ ንጉሥ ይሾማል፤ ያልታተመ መጽሐፍ በገጽ ቁጥር ይጠቅሳል። ስለ ደቡብ ጎንደር በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው ጥቂት መሆኑ ለመምህሩ በዚህ አንድ ነገር ይጠቅመዋል፤ ማሽኑ የማያውቀው ብዙ ነገር ከግቢው በር ወጣ ሲሉ ይገኛል።

አሳይመንቱን መቀየር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪው ያስገባውን አፉን ከፍቶ እንዲያስረዳ መጠየቅ አለበት። ይህ በአብነት (በቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ቤቶቹ ለሚታወቀው አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ ያሉት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ድረስ የቆጠረውን ቅኔ በየኔታ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ለምን ይህን ቃል እንዳመጣ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር በምን እንደተገናኘ ይጠየቃል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምም። ጓደኛው የቆጠረለትን ይዞ የመጣ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይጠፋዋል። የአብነት ትምህርት ቤቱን እንከን የሌለው አድርጎ መሣል አልፈልግም፤ የቃል ጥናቱ ከባድ ነው፣ የመምህሩ ሥልጣን ይግባኝ የለውም፣ ሴቶች በብዛት የሉበትም። ምዘናው ግን ማን እንደሠራው መጠርጠር ሳያስፈልገው ተማሪው የሚያውቀውን ያሳያል። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የሕክምና ተማሪ አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለ በሽተኛው በመምህሩ ይጠየቃል፤ የማስተርስ ተማሪም ጥናቱን በገምጋሚዎች ፊት ይከላከላል። ሐኪም ላይ ያልተውነውን ምዘና አካውንታንትና ኢንጂነር ላይ የተውነው ለምንድን ነው?

መልሱ የታወቀ ነው፤ ተማሪ ይበዛል፣ መምህር ያንሳል፣ ደመወዙ ለኑሮ አይበቃም። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ ግን ቁጥሩን እንቁጠረው። አንድ መምህር 60 ተማሪ ያለባቸው ሦስት ክፍሎች ይኑሩት። 180 ወረቀት እያንዳንዱን በ10 ደቂቃ ቢያርም 30 ሰዓት ይወስድበታል፤ ያውም ማሽን የጻፈውን፣ ማንም የማይማርበትን ወረቀት እያነበበ። በዚህ ፋንታ ተማሪዎቹን በአምስት በአምስት ከፍሎ 36 ቡድን ቢያደርግና ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢሰጥ 12 ሰዓት ይሆናል። ማን እንደሚመልስ በዕጣ ይወሰን፤ የቡድኑ ነጥብም በመላሹ ላይ ይመሥረት። ያን ጊዜ አምስቱም ሥራውን ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ጎበዟ ልጅም ብቻዋን አትሸከምም። የቀረው ጊዜ ማስታወሻ ደብተር ገለጥ ገለጥ አድርጎ ለማየት ይበቃል። በጉባኤ ቤቱም የኔታ ብቻውን አይደክምም፤ የበሰሉት ደቀ መዛሙርት ጀማሪዎቹን ይዘው ያስጠናሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ረዳት ምሩቃን አሏቸው። ከአስተዳደሩ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሰዓት ከመምህሩ የማስተማር ጫና ውስጥ ቆጥሮ መያዝ። ካልተያዘለት መምህሩ በነጻ አይሠራውም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። ወረቀት ስም ሊደበቅበት ይችላል፤ በቃል ፈተና ግን ፊት ይታያል። ዘመድ አዝማድ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ መልክ ሳይቀር በነጥቡ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ሴት ተማሪን በቢሮ በር ዘግቶ «መጠየቅ» የሚፈልግም አይጠፋም። ይህን «መምህራን የተከበሩ ናቸው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ የቃሉ ምዘና በክፍል ውስጥ፣ በሌሎች ፊት፣ ቢቻል በሁለት መምህራን ይካሄድ። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ተጽፈው በዕጣ ይውጡ። ክብደቱም ከ15 ወይም ከ20 በመቶ አይለፍ። በቡድን ይካሄድ ያልኩትም በከፊል ለዚህ ነው፤ አምስት ምስክር ባለበት አድልዎ ይከብዳል። ቋንቋውንም በተመለከተ፣ ትምህርቱ የእንግሊዝኛ ኮርስ እስካልሆነ ድረስ ተማሪው ከመምህሩ ጋር በሚግባባበት ቋንቋ ያስረዳ እላለሁ። የትምህርት ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነውና ሕግ ተጣሰ የሚል ይኖራል። ፅንሰ ሐሳቡ የገባው መሆኑን ለመለካት ከሆነ ግን በማያውቀው ሰዋስው አንደበቱን አስሮ መጠየቅ ምን ይለካል? ተማሪዎች ወደ ማሽኑ ከሚሮጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የእንግሊዝኛ ፍርሃት ይመስለኛል፤ ያንን ፍርሃት ብንቀንስ ሩጫው ይቀንሳል።

«ኔትዎርክ በሌለበት አገር ስለ ኤአይ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን፣ በጦርነቱ የትምህርት ካላንደር ሲቃወስ መክረሙን ማንም አይረሳውም። ደህናው ሞዴል ደግሞ በወር 20 ዶላር ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህ ከ2,000 ብር በላይ ነው፣ ያውም የዶላር ካርድ ለሚያገኝ። ስለዚህ በአንድ ዶርም ውስጥ የተሻለውን የሚከፍል፣ ነጻውን የሚሞክርና ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ አብረው ያድራሉ። ይህ ሁሉ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መመርመሪያ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ማሳ መለካትና ቆሞ ማስረዳት ግን ኔትዎርክ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል፤ ስልክ ያለውንና የሌለውንም በእኩል ያያል።

«የመውጫ ፈተናው አለልን፤ ያልተማረውን እዚያ ያጣራዋል» የሚለው መጽናኛ ደግሞ ብዙ አያስኬድም። የመውጫ ፈተና ሕመሙን የሚነግረን ልጁ ወጣትነቱን፣ ቤተሰቡ በሬውን፣ መንግሥት በጀቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። በምርጫ ጥያቄም መጻፍ፣ መከራከር፣ መረጃ መሰብሰብ አይለካም።

መምህሩ ራሱም የዚህ መሣሪያ ተጠቃሚ መሆኑ መነገር አለበት። ሞጁል የሚያዘጋጅበት፣ የፈተና ጥያቄ የሚያወጣበት፣ ለጆርናል የሚልከውን ጽሑፍ የሚያስተካክልበት ጥቂት አይደለም። ተማሪው ደግሞ ይህን ያውቃል። ማሽን ባወጣው ጥያቄ ላይ ማሽን የመለሰውን መልስ ለመቅጣት የሚነሣ መምህር የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ በኤችዲፒው ክፍል የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ሦስት አሳይመንቶች ይዞ መጥቶ በባልደረቦቹ ፊት ለማሽኑ መስጠትና የሚወጣውን ማየት ቢሆን ጥሩ ነው። ማሽኑ ኤ የሚያገኝበት አሳይመንት ይጣላል ወይም ይቀየራል። እሱ ራሱ የት የት እንደሚጠቀምበትም ለተማሪዎቹ ይንገር፤ ድንበሩን አብሮ ማስመር ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ብሔራዊው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ ሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ በዚያው ክረምት የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ተጀምሯል። መልካም ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር አሳይመንት የሚሰጠው መምህር ከላይ የሚመጣ ማስፈጸሚያ እስኪደርሰው ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም፤ መቀመጥም የለበትም። ሴሚስተሩ ሲጀምር ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ ኮርስ አውትላይን ያጸድቃል። በዚያ ወረቀት መጨረሻ ላይ የምዘና ሠንጠረዥ አለ፤ «አሳይመንት 20%» የሚል መስመር አለበት። በዚያ መስመር ላይ «አሳይመንትና የቃል ማብራሪያ 20%» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው የዲፓርትመንቱ ስምምነትና የኃላፊው ፊርማ ነው።